ከጅማ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ወላጆች፦ የልጆችን የትምህርት ቤት ወጪ እንዴት እናቅድ?

«እዚያ እኮ ትምህርት በነፃ ነው» ሲባል ጅማ ውስጥ ያልሰማ የለም። እውነትም ነው። ከኪንደርጋርተን እስከ 12ኛ ክፍል የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። መጽሐፍም በውሰት ይሰጣል። ግን ነፃ የሆነው ማስተማሩ ነው። ደብተሩ፣ የብርድ ጃኬቱ፣ ምሳው፣ የክፍል ጉዞው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ ልጁ የሚቆይበት ቦታ ገንዘብ ይፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ልጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ ለሚዘጋጁ የጅማ ቤተሰቦች ነው። ጉዞ ሲደርስ ሐሳባችን ሁሉ ትኬትና ሻንጣ ላይ ይሆናል። በርበሬው ተፈጨ ወይ፣ ቡናው ተቆላ ወይ እንላለን። የትምህርት ቤቱ ነገር ትዝ የሚለን እዚያ ከደረስን በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይመጣል። እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያውን ዓመት የትምህርት ቤት በጀት ከምንም በላይ የሚያቃልለው በጊዜው የተዘጋጀ ወረቀትና በጊዜው የተሞላ ፎርም ነው። አንድ ፎርም ብቻውን ስንት ዶላር እንደሚያተርፍ ከታች በቁጥር ታዩታላችሁ።

1. ወረቀቱን ጅማ ላይ ጨርሱ

ሰኔ ሳያልቅ ልጆቻችሁ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ሂዱ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ በኋላ ርዕሰ መምህሩንና መዝገብ ቤቱን አንድ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። ጅማ ውስጥ የብዙ ልጆች ካርድ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የአንዳንዶቹ በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ትራንስክሪፕት፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ የማይሰጥ ከሆነ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አስተርጉሙ። ከአንድ በላይ ኦሪጅናል ያዙ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ የተረሳ ማኅተም ተመልሶ መምጣት የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለው። አገር ከለቀቃችሁ በኋላ ደግሞ ዘመድ ማስቸገር ነው።

9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ይህን እርምጃ በምንም አትለፉት። የአሜሪካ ሃይስኩል ክሬዲት ይቆጥራል። እያንዳንዱ ትምህርት በየዓመቱ ካለፈበት ውጤት ጋር በወረቀት ካልታየ 10ኛን የጨረሰ ልጅ እንደገና ከ9ኛ ሊጀምር ይችላል። ያ ማለት ተጨማሪ ዓመት፣ ተጨማሪ ወጪ፣ የተሰበረ ሞራል። ትንንሾቹን በአብዛኛው የሚመድቧቸው በዕድሜያቸው ስለሆነ ለእነሱ ብዙ አትጨነቁ።

የልደት ሰርተፍኬት ላይ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ የትውልድ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን። ሁለተኛ፣ የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በፊደል እንኳ አለመለያየቱን። እዚያ «ላስት ኔም» የሚሉት በእኛ ፓስፖርት በአብዛኛው የአያት ስም ነው። ስለዚህ አባትና ልጅ የተለያየ ላስት ኔም ይኖራቸዋል። ችግር የለውም፤ ብቻ በትምህርት ቤት፣ በክሊኒክና በሶሻል ሴኩሪቲ (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው በሚሰጠው መለያ ቁጥር) ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ። አንዴ በአባት፣ አንዴ በአያት ስም የተመዘገበ ልጅ ፋይሉ ሁለት ይሆንና ጥቅማ ጥቅም ሲጠየቅ ወረቀቱ አልገናኝ ይላል።

ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና የእጅ ሻንጣ ውስጥ ያዙት። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ።

2. ክትባት፣ ዓይን፣ ጥርስ

ያለ ክትባት ማስረጃ ልጅ ክፍል መግባት ይቸግረዋል። የጤና ጣቢያውን የክትባት ካርድ ፈልጉ። ለቪዛ ምርመራ አዲስ አበባ ስትሄዱ የተሰጠውን የክትባት ወረቀት ኮፒ ደግሞ እንደ ፓስፖርት ጠብቁት። እዚያ ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁት የቺክን ፖክስ ክትባት በእኛ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የለም። ስለዚህ አንዳንድ ክትባት እዚያ መከተቡ አይቀርም። አትደንግጡ፤ ኢንሹራንስ ለሌላቸውና ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ላላቸው ልጆች ክትባቱን በነፃ የሚያቀርብ «ቫክሲንስ ፎር ችልድረን» የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ አለ። የካውንቲውን (የአካባቢውን አስተዳደር) የጤና ቢሮ ጠይቁ።

ዓይንና ጥርስን ከመሄዳችሁ በፊት ብታሳዩ እመክራለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው። መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ መነጽሩን አድርጎ ይሂድ። የተቦረቦረ ጥርስም እዚሁ ይታከም። ኢንሹራንስ እስኪስተካከል ባሉት የመጀመሪያ ወራት ጥርስ ማሳከም አሜሪካ ውስጥ ኪስ ይጎዳል። ብዙ ስቴቶች ግሪን ካርድ ያላቸውን ልጆች አምስት ዓመት ሳያስጠብቁ ሜዲኬይድ ውስጥ ያስገባሉ። እንደደረሳችሁ አመልክቱ።

ደብተርና እርሳስ ግን ከጅማ ገዝታችሁ አትሸከሙ። የሻንጣውን ኪሎ ለሌላ ነገር አድርጉት።

3. ወጪውን በሦስት መደብ ጻፉ

አንድ ገጽ ውሰዱና ለሦስት ክፈሉት። የመጀመሪያው ላይ ሳይጠየቅ ነፃ የሆነውን ጻፉ፦ ትምህርቱ፣ መጽሐፉ፣ የእንግሊዝኛ ድጋፉ፣ በብዙ ቦታ ከቤት ራቅ ላለ ልጅ የትምህርት ቤት አውቶቡሱ፣ ብዙ ጊዜ ክሮምቡክ የሚባለው ላፕቶፕ በውሰት።

ሁለተኛው ላይ ስትጠይቁ ነፃ የሚሆነውን ጻፉ፦ ምሳና ቁርስ፣ የክፍል ጉዞ፣ የስፖርት ክፍያ፣ የፈተና ክፍያ፣ ከትምህርት በኋላ ማቆያ፣ የብርድ ጃኬት ሳይቀር።

ሦስተኛው ላይ ከኪሳችሁ የሚወጣውን ጻፉ፦ ጫማ፣ ልብስ፣ የትምህርት መሣሪያ፣ የጠፋ ወይም የተሰበረ ነገር ካሳ።

አዲስ የገባ ቤተሰብ ጉዳቱ መሃለኛው ላይ ነው። ካልጠየቃችሁ ከኪስ ይወጣል። ሀበሻ ደግሞ መጠየቅ ያፍራል፤ «እንደ ለማኝ እንዳይቆጥሩን» ይላል። ይህ ይሉኝታ በልጆቻችን ምሳ ላይ መምጣት የለበትም። እነዚህ ፕሮግራሞች በሕግ የተቋቋሙ ናቸው፤ በጀታቸውም እዚያ ሠርቶ ግብር ከሚከፍለው ሰው፣ ነገ ከእናንተም፣ የሚመጣ ነው።

4. ምዝገባ

ልጁ የሚመዘገበው በምትኖሩበት አድራሻ ነው። የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ይጠይቃሉ። አዲስ የገባ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ወንድም ወይም እህት ቤት ነው፤ ውሉ በእሱ ስም አይደለም። በዚህ ምክንያት ልጆችን ሁለትና ሦስት ወር ቤት የሚያስቀምጡ ወላጆች አሉ። አያስፈልግም። ብዙ ዲስትሪክቶች (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩ ቢሮዎች) የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ የሚፈርምበት «እኔ ቤት ይኖራሉ» የሚል ፎርም አላቸው። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የማኪኒ-ቬንቶ ሕግ አለ። ቤት መከራየት ባለመቻል ከሰው ጋር ተደርቦ የሚኖር ቤተሰብ ልጆች ወረቀት ባይሟላም ወዲያው እንዲመዘገቡ፣ ምሳም በነፃ እንዲያገኙ ያዛል። እያንዳንዱ ዲስትሪክት ይህን የሚከታተል ሠራተኛ አለው። ምዝገባ ቢሮ ገብታችሁ «ማኪኒ-ቬንቶ ላያዘን» በሉ፤ ያገናኟችኋል።

የኢሚግሬሽን ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ሰውም አይፍራ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ልጆችን በኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት መከልከል እንደማይቻል ወስኗል።

ስትመዘገቡ «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ወረቀት ይሰጣችኋል። እውነቱን ጻፉ። አማርኛ ከሆነ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ከሆነ አፋን ኦሮሞ፣ ሁለቱም ከሆነ ሁለቱንም። «እንግሊዝኛ» ብሎ በኩራት የጻፈ ወላጅ ልጁን ያለ ክፍያ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ድጋፍ ሊያሳጣው ይችላል። በኋላ አስጠኚ ለመቅጠር ስትሉ በሰዓት ትከፍላላችሁ።

ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ጋር ወላጁ በሚገባው ቋንቋ የመነጋገር ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚውም ነፃ ነው። ሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች፣ ቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚላኩ መልእክቶችን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ የኦሮምኛ አስተርጓሚ ማግኘት ይቀላል። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ማለት ይበቃል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የክፍያ ነገር ሲመጣ ልጅ አንዳንዱን ይደብቃል፣ አንዳንዱን ይረሳል።

5. የምሳ ፎርም

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። በአንድ ፎርም የምታተርፉት ትልቁ ቁጥር ይህ ነው።

የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት በፌዴራል መንግሥት ድጎማ ምሳ ይሰጣል። የቤተሰብ ገቢ ከድህነት መስመሩ 130 በመቶ ካልበለጠ ምሳው በነፃ ነው። ከ130 እስከ 185 በመቶ ከሆነ ቅናሽ ነው፤ በፌዴራል ደንብ ምሳ ከ40 ሳንቲም፣ ቁርስ ከ30 ሳንቲም መብለጥ የለበትም። በ2025–26 የትምህርት ዓመት ለአራት ሰው ቤተሰብ የነፃው ጣሪያ በዓመት 41,795 ዶላር፣ የቅናሹ ደግሞ 59,478 ዶላር ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ሐምሌ አካባቢ ይቀየራል። የሚቆጠረው ታክስ ሳይቆረጥ ያለው ገቢ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ትምህርት በአብዛኛው ስቴት በዓመት 180 ቀን ገደማ ነው። የአንድ ምሳ ሙሉ ዋጋ 3 ዶላር ነው እንበል። ለአንድ ልጅ 540 ዶላር፣ ለሁለት ልጅ 1,080 ዶላር ይመጣል። በቅናሽ ቢሆን ለሁለቱ 144 ዶላር። በነፃ ቢሆን ዜሮ። አንድ ፎርም ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያድናል ማለት ነው። ለመሙላት ግን ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ይበቃል።

ፎርሙ ምን ይጠይቃል? የልጆቹን ስም፣ አብሮ የሚኖረውን ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ ሰው አሁን የሚያገኘውን ገቢ፣ የሚፈርመው ወላጅ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች። ሶሻል ከሌላችሁ «የለኝም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማ) የምታገኙ ከሆነ ልጆቻችሁ በቀጥታ ብቁ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ትምህርት ቤቱ ራሱ ያውቀዋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ወንድማችሁ ቤት ብትኖሩም ገቢና ወጪያችሁ ለየብቻ ከሆነ የሚቆጠረው የእናንተ ቤተሰብ ብቻ ነው። የእሱን ደሞዝ ጨምራችሁ ጽፋችሁ ራሳችሁን አታስወጡ። ሌላው፣ ፎርሙ የሚጠይቀው የአሁኑን ገቢ ነው። ስትደርሱ ሥራ የጀመረው አንዳችሁ ብቻ ከሆነ ያንኑ በእውነት ጻፉ። አንዴ ብቁ ከሆናችሁ ሌላኛችሁ በኋላ ሥራ ብትጀምሩም የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ አይነሳም፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይም እስከ 30 የትምህርት ቀን ይቀጥላል። ከዚያ በፊት አዲስ ፎርም መሙላት አለባችሁ። ስለዚህ ፎርሙን «ሥራ ስንይዝ» ብላችሁ አታቆዩት። በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉት።

ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ፣ ሚሺጋን፣ ማሳቹሴትስ፣ ሜይን፣ ቬርሞንትና ኒው ሜክሲኮ ለሁሉም ተማሪ ምሳ በነፃ የሚሰጥ ሕግ አውጥተዋል። በሌሎች ስቴቶችም ችግረኛ ተማሪ የሚበዛበት ትምህርት ቤት ለሁሉም በነፃ ሊሰጥ ይችላል። እዚያ ቢሆንም የገቢ ፎርም ከሰጧችሁ ሙሉት። የስፖርት፣ የጉዞና የፈተና ክፍያ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በዚሁ ወረቀት ነው።

የአገራችን ልጅ ሆኖ «ፎርም እሞላላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትክፈሉ። ፎርሙ ነፃ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ይረዳችኋል። ትምህርት ሲዘጋም 18 ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ልጅ ምንም ሳይጠየቅ የሚበላባቸው የበጋ (የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው) ምግብ ጣቢያዎች አሉ። በሚሳተፉ ስቴቶች ደግሞ ለአንድ ልጅ 120 ዶላር የምግብ መግዣ ካርድ ለበጋው ይሰጣል።

6. ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት

ጅማ ላይ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አያት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ግቢው ክፍት ነው። እዚያ ትምህርት ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ባለው ያልቃል፤ እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው። ትንሽ ልጅን ብቻውን ቤት መተው በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ልጁ የሚቆይበት ቦታ ይከፈልበታል። ክፍያውም በየወሩ ነው፤ አንዳንዴ ከመኪና ክፍያ ይበልጣል። ብዙዎች በጀት ሲያወጡ የሚረሱት ይህን ነው።

በቅደም ተከተል እንዲህ ሞክሩ። መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ውስጥ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ነፃ የከትምህርት በኋላ ፕሮግራም እንዳለ ጠይቁ። ቦታው ቶሎ ይሞላል፤ በተመዘገባችሁበት ቀን ጠይቁ። ከሌለ ለሚሠሩ ወላጆች ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጠውን የሕፃናት ማቆያ ድጎማ አመልክቱ፤ በየስቴቱ የተለያየ ስም አለው፤ ተጠባባቂ ዝርዝርም ሊኖረው ይችላል። ሦስተኛው «ቦይስ ኤንድ ገርልስ ክለብ»ን የመሰሉ በአነስተኛ ክፍያ የሚሠሩ ቦታዎች ናቸው። አራተኛው የእናንተው ፈረቃ ነው። አንዱ ሌሊት፣ አንዱ ቀን የሚሠራበት ቤት ገንዘብ ያተርፋል። ግን ባልና ሚስት በር ላይ ብቻ እየተገናኙ ዓመት ይሄዳል። እኔ ይህን የመጨረሻ አማራጭ ባደርገው እመርጣለሁ።

ከደብሩ ወይም ከመስጊዱ ሰው ጋር ተነጋግራችሁ ልጅ እየተቀባበላችሁ መጠበቅም ይቻላል። ማን ቤት፣ በምን ቀን፣ ማን ምግብ ያመጣል የሚለውን ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዝምድና የሚሻክረው በዚህ ነው።

7. የኦገስት ገበያ

ጳጉሜን ላይ መርካቶ ወርዶ ደብተር በደርዘን ገዝቶ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ዩኒፎርም አሰፍቶ ለለመደ የጅማ ወላጅ የአሜሪካው ዝርዝር ግራ ያጋባል። ትምህርት የሚጀመረው እንደ ስቴቱ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። ትምህርት ቤቱ በየክፍሉ የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር ያወጣል። ለምሳሌ የ3ኛ ክፍል ዝርዝር ቁጥር 2 እርሳስ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው ኮምፖዚሽን ደብተር፣ በቀለም የተለያዩ ፎልደሮች፣ ክሬዮን፣ ማጣበቂያ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከዚያ ደግሞ ሶፍትና የጠረጴዛ መጥረጊያ ሊኖረው ይችላል። ሶፍቱ ለክፍሉ ሁሉ የሚሆን መዋጮ ነው። አቅም ከሌለ ቢቀር ልጁን የሚያስወጣው የለም።

ዝርዝሩ ላይ የብራንድ ስም ቢጻፍም ርካሹን መግዛት ይቻላል። ጁላይ መጨረሻና ኦገስት ላይ ደብተሩ ከአንድ ዶላር በታች ይወርዳል፤ ያኔ የዓመቱን ግዙ። ጃንዋሪ ላይ ያው ደብተር ዋጋው ሌላ ነው። ቴክሳስ ኦገስት ላይ ከዓርብ እስከ እሁድ ከ100 ዶላር በታች በሆነ ልብስ፣ ጫማና የትምህርት ዕቃ ላይ ታክስ ያነሳል። ሜሪላንድ በዚያው ወር አንድ ሳምንት ለልብስና ለጫማ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ሦስት ቀን ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ሚኒሶታ ውስጥ ልብስ መቼም ታክስ የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶችና ካውንቲው ቦርሳ በነፃ የሚያድሉበትን ቀን ጠይቁ። አብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለውም፤ አንዳንዱ ስላለው ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።

የብርድ ጃኬትና ቦት አዲስ አትግዙ። ልጅ በዓመቱ ይጠበዋል። ጉድዊልን በመሰሉ ያገለገለ ልብስ መሸጫዎች ንጹሕ ይገኛል። የጅማን አየር ለለመደ ልጅ ግን ብርዱን አትናቁት። ገንዘብ ካጠረ የትምህርት ቤቱን ሶሻል ወርከር አነጋግሩ፤ ብዙ ጊዜ ለዚሁ የተቀመጠ ጃኬት አላቸው።

ክሮምቡኩን ሲወስድ ኢንሹራንስ ካለ ክፈሉ። ዓመታዊ ክፍያው ከአንድ የተሰበረ ስክሪን ያንሳል።

8. ሃይስኩል የደረሰ ልጅ

እዚህ ወጪው ይበዛል። የስፖርት ክፍያና የጤና ምርመራ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ኪራይ፣ የኤፒ ፈተና (ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ፈተና)፣ የኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና (ለኮሌጅ መግቢያ)፣ የኮሌጅ ማመልከቻ፣ የምረቃ ጋውን። በሁሉም ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ኢዝ ዜር ኤ ፊ ዌይቨር?»፤ ክፍያው የሚነሳበት መንገድ አለ ወይ? ለነፃ ወይም ለቅናሽ ምሳ ብቁ የሆነ ተማሪ በ11ኛና 12ኛ ክፍል ኤስ.ኤ.ቲ.ን ሁለት ጊዜ ያለ ክፍያ ይፈተናል፤ በብዙ ኮሌጆችም የማመልከቻው ክፍያ ይነሳለታል። የኤፒ ፈተና ክፍያም ይቀንስለታል። የምሳው ፎርም እዚህ ድረስ ይከተላችኋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት አካል በሆነ ነገር ላይ ተማሪን ማስከፈል በሕግ ክልክል ነው። የሚያነጋግሩት ሰው ካውንስለር ይባላል፤ ልጃችሁ ሳይሆን እናንተ ሄዳችሁ ተዋወቁት።

ወደ ካናዳ ለምትሄዱ አጭር ቃል። ትምህርቱ እዚያም ነፃ ነው፤ የበጀቱ ምሰሶ ግን በየወሩ የሚገባው የልጆች ድጎማ ነው። ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 ባለው ጊዜ ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በዓመት እስከ 7,997፣ ከ6 እስከ 17 ለሆነ እስከ 6,748 የካናዳ ዶላር ይከፈላል፤ እንደ ገቢ ይቀንሳል። እንደገባችሁ አመልክቱ። ገቢ ባይኖራችሁም በየዓመቱ ታክስ ፋይል አድርጉ (የገቢ መግለጫ አስገቡ)፤ ካላደረጋችሁ ይቆማል።

9. ወርሃዊውን ቁጥር አውጡ

አሁን ወደ ወረቀታችሁ ተመለሱ። ሁለት ልጆች ያሉት፣ ምሳው በነፃ የሆነለት ቤተሰብ እንውሰድ። የሚከተለው ግምት ነው፤ የራሳችሁን አስገቡበት። ለትምህርት መሣሪያና ጫማ 240፣ ያገለገለ የብርድ ልብስ 120፣ ለጉዞ፣ ለፎቶና ለትንንሽ መዋጮ 100፣ ለላፕቶፕ ኢንሹራንስ 50፣ ለድንገተኛ 90። ድምሩ 600 ዶላር ነው። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 50። አስተውሉ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ምሳው በሙሉ ዋጋ ቢሆን ከሚያወጣው ያንሳል። የማቆያው ክፍያ ለብቻው ይያዝ፤ እሱ ከኪራይ ጋር የሚሄድ ወርሃዊ ወጪ ነው።

50 ዶላርን በብር አትምቱት። ከመታችሁት ያስደነግጣል፣ ለልጅም ትሰስታላችሁ። በሥራ ሰዓት መዝኑት። ሜሪላንድ ውስጥ የስቴቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ታክስ ሳይነሳ ከሦስት ሰዓት ተኩል ያነሰ ሥራ ማለት ነው።

ገንዘቡ የሚጠፋው ኦገስት ላይ ስለሆነ የሚጠራቀመው ከዚያ በፊት ነው። ዕቁብ ከገባችሁ ዕጣችሁ ጁላይ ላይ እንዲደርሳችሁ ዳኛውን ለምኑ። የታክስ ሪፈንድ (የታክስ ተመላሽ ገንዘብ) ሲመጣ ደግሞ ከማንም በፊት የልጆቹን አንሡለት። ለ2025 የታክስ ዓመት ሶሻል ሴኩሪቲ ላለው ከ17 ዓመት በታች ልጅ እስከ 2,200 ዶላር የታክስ ቅናሽ አለ። ታክሱን የሚሠሩላችሁ «ቪታ» የሚባሉ ነፃ ጣቢያዎች ስላሉ ለዚህ አትክፈሉ።

የቀረው የቤት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ትምህርት መክፈቻና የጅማ መስከረም በአንድ ሰሞን ይገጥማሉ። ልጃችሁ ጫማ ሲፈልግ የእህታችሁም ልጅ ደብተር ይፈልጋል። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ። እምቢ ለማለት አንጀት አይችልም፤ ክሬዲት ካርድ የሚሞላውም በዚህ ሰሞን ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ቡና ተፈልቶ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ተናገሩት። «እማዬ፣ የመስከረሙን የልጆች ደብተር በሰኔ እልካለሁ። ነሐሴ ላይ ግን የእኔም ልጆች ትምህርት ይጀምራሉና እንዳትጠብቂኝ» በሏት። ብሩ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር «ይህን ያህል ሺህ ብር» ብላችሁ ቃል አትግቡ። በዶላር ወስኑና በየወሩ ከ50ው ጋር ለብቻው አስቀምጡት። ሰኔ ሲገባ ላኩት፤ የጽሕፈት መሣሪያ ዋጋ ሳይጨምር እዚህም ይገዛበታል።